በግድቡ ላይ ቆሞ የተገኘው አካፋ

ባሏ ሉደር የት እንዳለ ሜታ ታውቃለች። ሰው ሁሉ «ጎርፍ ወሰደው» ይላል፣ እሷ ግን ጎርፉ የትም አልወሰደውም ባይ ናት። አዘቅቱ ውስጥ ነው ያለው። ከቤቷ ደጃፍ ድንጋይ ብትወረውር የሚደርስበት ቦታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት፣ በዚያ ክፉ የገና ጎርፍ፣ ባህሩ የኤልበን ወንዝ ወደ ኋላ እየገፋ መጣ። ግድቡ በብዙ ቦታ ተሸረፈ፣ እንዲጠብቁት በተመደበላቸው በሉደርና በሜታ ድርሻ ላይ ግን ጭራሽ ተበጠሰ። ሉደር ያኔ ግድቡ ጫፍ ላይ ነበር፣ ጭድ የሞላ ጆንያ ተሸክሞ። ሜታ ፋኖሱን በመስኮት ታየው ነበር። ከዚያ ፋኖሱ የለም። ውሃው በተበጠሰው በኩል ሲገባ መሬቱን እንደ መሰርሰሪያ ቆፈረው፣ ሲመለስም ቤተክርስቲያን ከነደወሉ የሚውጥ ጉድጓድ ትቶ ሄደ። ጥቁር፣ ክብ፣ ዝም ያለ ውሃ። ድንጋይ በገመድ አስረው ሰደዱ፣ መሬት አላገኙም። ጎርፉ ሌላውን ሁሉ መልሷል። ላሟን ሞታም ቢሆን አጥሩ ላይ ጥሏታል፣ የሰርጓን ሳጥን የጎረቤት ቼሪ ዛፍ ላይ ሰቅሎታል። ሉደርን ብቻ አልመለሰም።

እንግዲህ የተበጠሰ ግድብ በአዘቅት ላይ አይጠገንም። በዙሪያው ነው የሚዞረው። ወይ በመሬቱ በኩል ታዞረዋለህ፣ ያ አጭር ነው፣ አፈሩም ጠንካራ ነው፣ ግን አዘቅቱ ከግድቡ ውጭ ለወንዙ ይቀራል። ወይ ደግሞ በወንዙ በኩል ታዞረዋለህ፣ ያ ረጅም ነው፣ ከስሩም ለስላሳ ጭቃ ነው፣ አዘቅቱ ግን ከግድቡ ውስጥ ይገባል። የመሬት ይሆናል። ሜታ በወንዙ በኩል ነው የጀመረችው። ለምን ብሎ የጠየቃት አልነበረም፣ ሁሉም ገብቶታል፣ ሁሉም ደግሞ አብዳለች ብሏል።

«እመቤት ሜታ!» ይላል ጎረቤቷ ሃይን ሽቴህማን፣ ከራሱ ድርሻ ላይ ቆሞ። የሱ ከየካቲት ጀምሮ አልቋል፣ እጁን ኪሱ ከትቶ እየዞረ የሰው ማየት ነው ሥራው። «ወንዙን ልትከቢው ነው እንዴ? እንግዲያውስ አይቀር፣ ሃምቡርግንም ጨምሪልን!»

«አንተን ውጭ ትተን ከሆነ ደስ ይለናል!» ይለዋል አያ ዮኺም። የሜታ አገልጋይ ነው፣ ከአማቷ ዘመን ጀምሮ እዚያ ቤት ያረጀ፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ምላሱ ያላለቀ።

«አያ ዮኺም፣ አንተ እኮ አፈር ከምታመላልስ አፈር ብትገባ ይቀልሃል።»

«ገብቼ ከስር እይዘዋለሁ ግድቡን። አንተ ከላይ ቆመህ ከምትይዘው ይሻላል።»

ሃይን ይስቃል። ሜታ አትስቅም፣ አካፋዋን አጋድማ አስቀምጣ መዳፏን በቀሚሷ ትጠርጋለች። አጋድማ ነው። ይሄ ነገር ለማያውቅ ሰው ምንም ነው፣ እዚህ አገር ግን ልጅ ሳይራመድ የሚማረው ነው። አካፋ በግድብ ላይ አይቆምም። ቆሞ የተገኘ አካፋ ማለት ባለቤቱ «አልቻልኩም፣ በቃኝ» ብሎ ተክሎት ሄዷል ማለት ነው። ያን አካፋ የነቀለ ሰው ግድቡን ከነሸክሙ ይወስዳል፣ ቤቱን፣ ማሳውን፣ ዛፉን ሁሉ ይወስዳል፣ የተከለው ደግሞ የለበሰውን ለብሶ ከአካባቢው ይወጣል። ያልገደበ ይሰደድ! አባቶቻችን ሌላ ሕግ አላወጡም፣ ይሄ አንዱ በቅቷቸዋል። ልጅ አካፋ ሰክቶ ሲጫወት ከታየ ጥፊ ነው። ጎልማሳም ምሳ ሊበላ ሲሄድ አጋድሞ፣ ዞር ብሎ አይቶ ነው የሚሄደው።

ሜታ ብቻዋን የቀረችበትም ምክንያት ከዚሁ ነው። በሰው ድርሻ ላይ አካፋህን ካሳረፍክ ድርሻው ያንተ ነው። ስለዚህ ማንም አያግዝም። ክፉ ሆነው አይደለም፣ ማንም ሰው የጎረቤቱን ጣጣ ከነአዘቅቱ መሸከም አይፈልግም። ወንድሟ ዲርክ አለ፣ ሀብታም ባይሆንም ፈረሶች አሉት፣ ሁለት ጎረምሳ ሠራተኛ አለው። ግን ዲርክ ሁለተኛው ማይል ነው ያለው፣ እሷ ሦስተኛው። ማይል ስል የመንገድ ርዝመት አይደለም። አገራችን በሦስት ማይል ነው የተከፈለችው፣ እያንዳንዱ ማይል የራሱ የግድብ ዳኛ፣ የራሱ ፍተሻ፣ የራሱ ኩራት አለው። የኤስተ ወንዝ ነው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚለያቸው። ወንዙ ቀጭን ነው፣ ጮክ ብለህ ብትሳደብ ማዶ ይሰማል። ቢሆንም የሁለተኛው ማይል ፈረስ በሦስተኛው ማይል ግድብ ላይ አይሠራም፣ ባለፈረሱ እዚያ ድርሻ ካለው በቀር። ሜታ በተወለደችበት ቤት ጣሪያ ላይ ሽመላ ሲያርፍ ከደጃፏ ሆና ታያለች። ፈረሶቹ በረት ቆመው ገለባ ሲያላምጡ ግን መጥተው አንድ ጋሪ መረሬ አያወርዱላትም።

ዳኛው፣ ኮርት ራተን የሚባለው፣ መጋቢት መጀመሪያ ላይ መጥቶ አይቶላታል። ክፉ ሰው አይደለም። «መስመሩን ባለድርሻው ነው የሚመርጠው» አላት። «በወንዝ በኩል ካልሽ በወንዝ በኩል። ብቻ ከፋሲካ በኋላ ለፍተሻ ስመጣ ተዘግቶ ላግኘው። ካልተዘጋ አካፋውን እኔው ራሴ ነኝ የምተክልልሽ፣ ይሄንን ደግሞ አልወደውም።»

«እዘጋዋለሁ ጌታው» አለችው።

«በምን?» አላት ወደ ባዝራዋ እያየ። ሜታ ያላት አንዲት ባዝራ ናት፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ።

ዲርክ በየእሑዱ በታንኳ ይሻገራል። ዳቦ፣ የተጨሰ ስብ፣ አንዳንዴም የባቄላ ሾርባ በማሰሮ ይዞ ይመጣል። ለመብል ሕግ የለም፣ ማይል ያሻግራል። ሚስቱ ቤከ ናት የምትጭነው፣ ምን ያህል እንደሰጠች ደግሞ ለሜታ ሳይነገራት አይቀርም። ከሆሳዕና በፊት ባለው እሑድም መጣ። ግድቡ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ አዘቅቱ አንጠልጥለው በሉ። በውጭ በኩል የሠራችው ክምር ከወገብ አይበልጥም፣ ጫፉም ሌሊት የባህሩ ማዕበል ወንዙን ሲሞላው እንደ ቅቤ እየቀለጠ ያድራል።

«ሜታዬ» አላት።

«አትጀምር።»

«ምን ብዬ ጀመርኩ?»

«ሜታዬ ስትል ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ትንሽ ሆኜም ሜታዬ ካልከኝ በኋላ አሻንጉሊቴን ትወስድ ነበር።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋበት። «ተከዪው» አላት። «ተከዪውና እኔ ልንቀለው። ዘመድ ቅድሚያ አለው፣ ማንም አይቀድመኝም። በነጋታው ፈረሶቼ እዚህ ናቸው። የኛ ሰፈር ሰዎችም ለኔ ብለው ከነፈረሳቸው እንደ ሠራተኞቼ ሆነው ይመጣሉ፣ የሠራተኛ አካፋ ድርሻ አይወስድም፣ ድርሻ ያለኝ ሰው ስሆን ማንም አይከለክላቸውም። ምን አለበት?»

«ምን አለበት? እኔ መሄድ አለብኝ፣ ያ አለበት።»

«የት ነው የምትሄጂው? ወደ ቤትሽ እኮ ነው። የተወለድሽበት ቤት ነው።»

«የቤከ ቤት ነው።»

ዲርክ ዳቦውን ቆረሰ፣ አልጎረሰውም። «ቤከ ምን አለች?»

«ምንም አላለች። ጥሩ ሴት ናት። ማሰሮዋ ግን ሁሌ ታጥቦ እንዲመለስ ትልካለች።» ሜታ ወደ ጥቁሩ ውሃ አየች። «ስማ ዲርክ፣ ግድቡ ያንተ ከሆነ መስመሩ ያንተ ነው። አንተ ደግሞ በአጭሩ ነው የምትወስደው።»

«በወንዝ በኩል አዞረዋለሁ ካልኩሽስ?»

«ዛሬ ትላለህ። ፈረሶችህ ጭቃው ውስጥ እስከ ሆዳቸው ሲገቡ ሌላ ትላለህ። እኔም ብሆን እላለሁ። ሉደር ግን ውጭ አይቀርም። ማዕበል በመጣ ቁጥር እየገለበጠው፣ መርከበኛው ሁሉ ቆሻሻውን እየጣለበት! መሬት ገዝቶ፣ ገድቦ፣ ሞቶ፣ ውጭ? አይሆንም። እዚህ ውስጥ ነው የሚተኛው፣ በራሱ መሬት።»

ወንድሟ የቆረሰውን ዳቦ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደማፈር ብሎ፣ «እዚያ መኖሩን እንኳ እኮ አናውቅም» አለ።

ሜታ ማሰሮውን አንስታ በወንዙ ውሃ አጠበችና ሰጠችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ዝናብ፣ ጉም፣ ዝናብ። መረሬው ከቼሪው ማሳ ስር ነው የሚቆፈረው። ዛፎቹ ሥራቸው ውሃ ጠጥቶ ጠቁረዋል፣ ዘንድሮ አያብቡም። አያ ዮኺም ይቆፍራል፣ ይጭናል፣ ባዝራዋን እየሰደበ ይነዳል። ሜታ ትዘረግፋለች፣ ትረግጣለች፣ ሳር ያለውን ጓል ከላይ ትደረድራለች። ቀን የሠሩትን ሌሊት ግማሹን ወንዙ ይበላዋል፣ ግማሹ ግን ይቀራል። ያ የቀረው ግማሽ ነው ሜታን ያቆማት። በሕማማት ሳምንት ማክሰኞ ላይ ክምሩ ደረቷ ደርሶ ነበር። ረቡዕ ትከሻዋ። አያ ዮኺም እንኳ መስደብ ተወ።

«እመቤቴ» አላት ረቡዕ ማታ፣ ጫማውን እያወለቀ፣ «የሚዘጋ ሊመስለኝ ነው። አልወደድኩትም። ተስፋ ሲመጣብኝ ወገቤን ያመኛል።»

ሐሙስ ዕለት እኩለ ቀን ገደማ ነው ነገሩ የሆነው። ሜታ ከውጭኛው ክምር አናት ላይ ሆና ጓል በአካፋዋ እየመታች ታስተካክላለች። ከታች በአዘቅቱ አፋፍ አያ ዮኺም ጋሪውን እየነዳ ይመጣል። አንድ ድምፅ ሰማች፣ እንደ እንጨት ስብራት ያለ። ዞር ስትል የጋሪው አንድ ጎማ አፋፉን ጥሶ ገብቷል፣ ባዝራዋ ተንበርክካለች፣ አያ ዮኺም የለም። የሱ ባርኔጣ ብቻ ነው ያለው፣ ውሃው ዳር።

ሮጠች። ምን በእጇ እንደያዘች፣ የት እንዳደረገችው አታውቅም። ተንሸራታ ወረደች። አያ ዮኺም ከጋሪው ስር ነበር፣ ከወገቡ በታች ጭቃ ውስጥ፣ ከወገቡ በላይ መረሬ ተገልብጦበት። አፉን በጣቷ ጠረገችለት። በብብቱ ይዛ ጎተተች፣ ጎተተች፣ ጭቃው እንደ ጥጃ እየጠባ አልለቅም አላት። ከላይ የሆነ ሰው ስሟን የጠራ መሰላት፣ ግን ዮኺም ይጮህ ስለነበር ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። መጨረሻ ላይ ወጣ። አንድ እግሩ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ባዝራዋ ራሷን ነቅላ ቆማ ትንቀጠቀጣለች።

«ባርኔጣዬስ?» አለ አያ ዮኺም።

«ባርኔጣህ አለ።»

«እንግዲያው ምንም አልሆንኩም» አለና ራሱን ሳተ።

ሜታ ቀና አለች፣ ሰው ልትጠራ። ያኔ ነው ከላይ ያለውን ያየችው። ወንድሟ ዲርክ በክምሩ አናት ላይ ቆሟል። ጸሎተ ሐሙስ ስለሆነ የፋሲካ ዳቦ ይዞ ነበር የመጣው፣ ዳቦው በጨርቅ እንደተጠቀለለ እግሩ ስር ወድቋል። በሁለት እጁ የያዘው የሷን አካፋ ነው። ጫፉ ላይ እርጥብ ጭቃ አለ። ከሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ሃይን ሽቴህማን ቆሟል፣ የሮጠ ሰው ሆኖ፣ እያለከለከ።

ሜታ እጆቿን አየች። ባዶ ናቸው።

«ዲርክ» አለች፣ «ያንን ከየት አነሳኸው?»

ወንድሟ ፊቱ ደስታ ይሁን ለቅሶ አይለይም። «ተክለሽው አገኘሁት» አላት። «ተጣራሁ፣ አልመለስሽም። ሃይን ከዚያ በኩል እየሮጠ ነበር። ቀደምኩት። ቀደምኩት ሜታዬ!»

«አጋድሜው ነበር።»

«ቆሞ ነበር» አለ ዲርክ፣ ድምፁ እየወረደ።

«ቆሞ ነበር» አለ ሃይንም። «እኔም አይቻለሁ። ግን ጌታ ዲርክ፣ እኔ ያንተ እህት ከዚያ ላይ ስትዘልም አይቻለሁ። ሽማግሌው ወደቀ፣ እሷ አካፋዋን እንደያዘች ሰካችና ዘለለች። ተከለች አይባልም ይሄ። ረሳች ነው የሚባለው። ያልተተከለ አካፋ የነቀለ ሰው ደግሞ ምን እንደሚባል ታውቃለህ።»

ያውቃል። ሁሉም ያውቃል። የግድብ ሌባ ነው የሚባለው። የግድብ ሌባ በሦስቱም ማይል መሬት አይኖረውም፣ ያለውም ይወሰድበታል።

«አንተስ ሃይን?» አለች ሜታ። «መርሳቴን ካየህ ወዴት ነበር የምትሮጠው? ሽማግሌውን ልታወጣ ነው?»

ሃይን ቀላ። «እኔ ገና እየሮጥኩ ነበር» አለ። «መሮጥ ወንጀል አይደለም። መንቀል ነው ወንጀል።» ብሎም ዳኛውን ሊጠራ ሄደ። ሂድ ብሎ የላከው የለም፣ ራሱ ሄደ።

አያ ዮኺምን ሁለቱ በጋሪው ሳንቃ ተሸክመው ቤት አስገቡት። ከዚያ ወጥተው ግድቡ ስር ቆሙ። ዝናቡ ጀመረ፣ ያ የኛ አገር ዝናብ፣ የማይወርድ የማይተው። ዲርክ አካፋውን አሁንም አልለቀቀም፣ የት እንደሚያስቀምጠው የጠፋበት ይመስላል።

«እውነቱን ንገሪው» አላት። «ረሳሁ በይ። የመጣው ይምጣ።»

«አምስት ልጅ አለህ።»

«አውቃለሁ ስንት ልጅ እንዳለኝ።»

«የአባታችንን ቤት ይወስዱታል። ቤከን ልጅ አዝላ መንገድ ላይ ዝም ብዬ አያታለሁ ብለህ ነው?»

«እና ምን ላድርግ ሜታ? ሃይን እየሮጠ ነበር እኮ! ሰው ከሚወስደው ብዬ… ላንቺ ብዬ…» ድምፁ ተሰበረ። ትልቅ ሰው ነው ዲርክ፣ ጢሙ ሽበት የጀመረ፣ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። አባታቸው የሞተ ዕለት እንኳ እንጨት ሲፈልጥ ነው የዋለው።

«ቢዘጋ ኖሮ» አለች እሷ። «ትከሻዬ ደርሶ ነበር። ትናንት ትከሻዬ ደርሶ ነበር።»

«በወንዝ በኩል አዞረዋለሁ» አላት። እጇን ያዘ። «ስሚኝ። የኔ ከሆነ፣ አንቺ በጀመርሽው ላይ ነው የምቀጥለው። ሉደር ከውስጥ ይቀራል። በእናታችን መቃብር።»

ሜታ እጇን ከእጁ አላስለቀቀችም።

ኮርት ራተን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጣ፣ ፈረሱ ላይ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ለብሶ። ከጎረቤት ሰበካ ፍተሻ ላይ ነበሩ፣ ሃይን ነው ያመጣቸው። ዳኛው አልወረደም። አካፋውን ከዲርክ እጅ፣ ክምሩን፣ የተሰበረውን ጋሪ፣ ሁሉንም በየተራ አየ። ሃይን ያየውን ተናገረ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ያ ነው የሚያሳዝነው፣ አንድ ቃል እንኳ አልዋሸም። ዲርክ ሊናገር አፉን ሲከፍት ዳኛው እጁን አነሳ።

«አንተን አልጠየቅሁም። አንተ የሁለተኛው ማይል ሰው ነህ፣ እስካሁን እዚህ አፍ የለህም። ሃይንንም ሰምቻለሁ፣ ሃይን አካፋውን እንጂ የሴትየዋን ልብ አላየም። መትከልና መርሳት ከባለቤቱ አፍ ነው የሚሰማው።» ወደ ሜታ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እመቤት ሜታ፣ በችኮላ እንዳትመልሺ። ይሄንን አካፋ ተክለሽው ነው የሄድሽው ወይስ ከእጅሽ አምልጦሽ ነው?»

ሜታ ወደ ክምሩ አየች። በወንዝ በኩል፣ ግማሽ ክብ፣ እንደ ተዘረጋ ክንድ። ሁለቱ ጫፎች ሊገናኙ ብዙም አልቀራቸውም ነበር። ሌሎቹ ይሄንን አያዩትም፣ እነሱ የሚያዩት ጭቃ ነው። ከክንዱ ውስጥ አዘቅቱ ዝናቡን ይቀበላል፣ ድምፅ የለውም።

«ተክዬው ነው» አለች።

ሃይን የሆነ ነገር አጉረመረመ።

«ዮኺም ከመውደቁ በፊት ነው የተከልኩት» አለች፣ ጮክ ብላ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። «ደክሞኝ ነበር። በቃኝ አልኩ፣ ተከልኩ። ከዚያ ነው እሱ የወደቀው። ወንድሜ የዘመድ ቅድሚያ አለው፣ ነቅሏል። ሕጋዊ ነው።»

ዳኛው ረጅም ጊዜ አያት። እንደማያምናት ሜታ አውቃለች፣ እሱም ማወቋን አወቀ። «ሽማግሌዎቹ ሰምተዋል» አለ በመጨረሻ። «ድርሻው የዲርክ ኮፕከ ነው፣ ከነግድቡ፣ ከነፍተሻው። ካልዘጋው እዚህም ማዶም ያለውን ያጣል። አንቺ ደግሞ እመቤት ሜታ…» የፈረሱን ልጓም ሳብ አደረገ። «አንቺ ደግሞ ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

ደንቡን ታውቀዋለች። በግድቡ በስተመሬት በኩል ትወርዳለህ፣ የለበስከውን ለብሰህ፣ ቤት ሳትገባ፣ ከማይሉ ትወጣለህ። አያ ዮኺም ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ እግሩ በሳንቃ ታስሮ። ልትሰናበተው ገባ ማለት እንኳ አይቻልም። በመስኮቱ አጠገብ ስታልፍ ድምፁን ሰማችው፣ «እመቤቴ፣ ባዝራዋ በላች ወይ?» ይላል። ነገሩን ማንም አልነገረውም።

«በልታለች አያ ዮኺም» አለችው፣ ሳትቆም።

ዲርክ በታንኳ አሻገራት። ማዶ ስትወርድ የገባት ነገር አለ። በሦስተኛው ማይል ድርሻ የላትም፣ ስለዚህ የሦስተኛው ማይል ሰው አይደለችም። በሁለተኛውም ድርሻ የላትም። እዚህ አገር ሰው የሚቆጠረው በሚገድበው ነው፣ የማይገድብ አይቆጠርም።

ቤከ በሩ ላይ ተቀበለቻት፣ እርጥብ ልብሷን አወለቀችላት፣ ደረቅ አለበሰቻት፣ እውነቱን እንናገር። ልጆቹን አንድ አልጋ ላይ ደራርባ ሌላውን አልጋ ለሷ ሰጠቻት። «የኛ ቤት ነው፣ የኛ ቤት ያንቺ ነው» አለቻት። ሜታ ያንን አልጋ ታውቀዋለች፣ እናቷ የሞተችበት ነው። በማግስቱ ማጀት ገብታ ማሰሮ ልታነሳ ስትል ቤከ ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችው። «ያ የወተት ነው፣ እኛ ጋ እንዲህ ነው የምናደርገው» አለቻት። እኛ ጋ! ሜታ ያ ማሰሮ ሲገዛ ነበረች።

ከፋሲካ በኋላ ዲርክ ቤት አያድርም። ፈረሶቹም፣ ጎረምሶቹም፣ የሰፈሩም ሰዎች በየማለዳው ይሻገራሉ። ወንዙን ተሻግሮ የሥራ ጩኸት ይሰማል፣ ሳቅ ይሰማል፣ እንጨት ሲመታ ይሰማል። ወደዚያ የሚያሳይ መስኮት አለ፣ ሜታ አጠገቡ አትቀመጥም። ጓሮ ውስጥ ጎመን ትኮተኩታለች፣ ልጆቹን ትጠብቃለች፣ ማታ ክር ትፈትላለች። ልጆቹ ስለ አዘቅቱ ሲጠይቋት «ውሃ ነው» ትላለች።

የፍተሻው ዕለት ዲርክ በቀን መጣ፣ ገና ፀሐይ ሳለ። የአዝመራ ሰው ይመስላል፣ ቆዳው የተቃጠለ፣ ዓይኑ የጎደጎደ። ቤከ ሮጣ ፊቱን አየችው፣ «እ?» አለችው።

«አለፈ» አላት። «ዳኛው በዘንጉ ወጋው፣ በእግሩም ሄደበት። አለፈ።»

ቤከ እንባዋ መጣ። ጠረጴዛው ላይ እጇን ጣል አድርጋ ቆመች። እንግዲህ ሁለቱም ቤት ተርፏል፣ እዚህኛውም እዚያኛውም፣ ልጆቹም ከቤት አይወጡም። ሜታ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። መፈልፈሏን አላቆመችም።

ዲርክ ተቀመጠ። ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለና እዚያው ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«በየት በኩል አዞርከው?» አለችው ሜታ።

ቤከ ወደ ምድጃው ዞረች።

«ጀምሬው ነበር ባንቺው ላይ» አለ ዲርክ፣ መሬቱን እያየ። «ሳምንት ሙሉ ባንቺው ላይ ሠራን። ከዚያ ሌሊቱን ማዕበሉ መጣና ሙሉውን ይዞት ሄደ፣ ጫፉንም መሐሉንም። በነጋታው ሁለት ፈረስ ጭቃው ውስጥ ገባብን። አንዱ የኔ ነው፣ አንዱ የጎረቤት። የኔው ወጣ። ሰዎቹ ከእንግዲህ አንሠራም አሉ። እነሱም ፈረስ አላቸው፣ እነሱም ልጅ አላቸው። ምን ልበላቸው? ለሞተ ሰው ብላችሁ ልበላቸው?»

«በየት በኩል ነው ያልኩህ።»

«በመሬት በኩል» አለ።

ባቄላው ከቅርፊቱ ሲወጣ የሚያሰማት ትንሽ ድምፅ አለች። እሷ ብቻ ነች የምትሰማው።

«አዘቅቱ ውጭ ነው እንግዲህ» አለች።

«ውጭ ነው።»

«ማዕበሉ ሲሞላ ይሸፍነዋል?»

ዲርክ ሊዋሽ የፈለገ ይመስላል። ቀና ብሎ አያትና አልቻለም። «ይሸፍነዋል» አላት። «ሲጎድል ይታያል። ሲሞላ ይሸፍነዋል።»

ቤከ ሾርባውን ቀዳች። መጀመሪያ ለዲርክ፣ ቀጥሎ ለልጆቹ በዕድሜያቸው፣ ከዚያ ለሜታ፣ ከጠረጴዛው ጥግ። «ብዪ እንጂ ሜታዬ፣ ይቀዘቅዛል» አለቻት፣ ከልቧ ነው። ሜታ የሰው ቤት እየኖረች «አልፈልግም» ማለት እንደማይቻል ገብቷታል። ማንኪያውን አነሳች፣ በላች፣ እስከ ታች ድረስ ጨረሰችው። ከዚያ ሳህኖቹን ሰብስባ ወጣች፣ ልታጥብ።